የማዳም ናዴይ ስም እንዳይታይ

ገና ማለዳ ነው። የናዴይ መርከብ ኩባንያ ትልቁ መርከብ ከቴማ ወደብ ወጣ ብሎ፣ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ከሚጎትቱበት ዳርቻ ፊት ለፊት፣ አሸዋ ላይ ቁጭ አለ። ዘንበል እንኳ አላለም። ሰው አልተጎዳም፤ ነዳጅ አልፈሰሰም። ጣጣው ሌላ ነበር። ገና ባለፈው ሳምንት ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም፣ ቤት በሚያካክሉ ፊደላት፣ «ናዴይ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ለመርከቡ ባለቤት ለማዳም ናዴይ አስቀድሞ የደወለው ካፒቴኑ አልነበረም፤ የኩባንያው ቃል አቀባይ ኤቦ ኳንሳ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ አንድ ፎቶ አንሺ ከጎኑ ቆሞ፣ ከባሕሩ ዳር ደወለ።

«ስማ ኤቦ» አሉት ማዳም ሲጨርስ። «እዚያ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ማታ በቴሌቪዥን ስሜ አሸዋ ላይ ተጎልቶ ባየው ግን፣ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለህም። የዚህን ጉድ ባለቤት ደግሞ ፈልገህ አምጣልኝ፤ እሱንም አባርረዋለሁ።»

«ለእኔ ይተዉት፣ ማዳም።»

ስልኩን ሲዘጋ የታየው ሥራ ማጣቱ ብቻ ነበር። ምን ይፈረድበታል! ሚስቱ ባለፈው ወር መንታ ወልዳለታለች፤ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የእሱ ደመወዝ ብቻ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ካሜራህን ክተትና ወደ ቤትህ!» ብሎ ፎቶ አንሺውን አባረረው።

ለእንዲህ ያለው ቀን ኩባንያው ደንብ ነበረው። የጻፈውም ራሱ ኤቦ ነው። ችግር ሲመጣ ከዘበኛ እስከ ካፒቴን ሁሉም አፉን ይዘጋል፤ የሚናገረው ቃል አቀባዩ ብቻ ነው። ክፉ ቃልም አይወጣም። በዚሁ መሠረት ኤቦ ጉሮሮውን ጠርጎ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ።

«መርከባችን ከየብስ ጋር ያለውን ርቀት ለጊዜው ቀንሷል።»

የሬዲዮዋ ጋዜጠኛ ዴዴ መርከቡን አየች፤ ኤቦን አየች። «ተቀረቀረ ማለትህ ነው?»

«አርፏል።»

«መቼ ነው የሚነሣው ታዲያ?»

«ዕረፍቱን ሲጨርስ። እኛ የምንደብቀው ነገር የለም።»

ይህን እያለ መርከበኞቹ ስሙን የሚሸፍን ሸራ ከላይ እንዲያወርዱ በስልክ አዘዘ። ያን ያህል የሚሰፋ ሸራ የነበራቸው አንድ ብቻ ነው። ሲዘረጋ «እንኳን ለናዴይ ሃያኛ ዓመት አደረሳችሁ!» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ከሸፈነው ስም ይበልጣል። ዳር የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። ወሬ የሰሙ፣ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ምግብና የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች ከያሉበት መጥተው ገበያ ዘረጉ።

«ገልብጡት!» ብሎ ጮኸ ኤቦ በስልኩ።

ገለበጡት። ስሙ ተዘቅዝቆ ይነበብ ጀመር። ልጆች አንገታቸውን አጣምመው ጮክ ብለው ማንበቡን ተያያዙት። ኤቦ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ሸራውን ተዉት! ቀለም የለም? ሰማያዊ ቀለም! ስሙን ቀቡት!»

መርከበኞቹ በገመድ ተንጠልጥለው መቀባት ጀመሩ። ዴዴ ግን አልተፋታችውም።

«ባሕሩ እንዲህ ረግቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዕድሜ ልካቸውን መርከብ የነዱ ሰው እንዴት አሸዋ ላይ ይወጣሉ?»

ኤቦ ላቡን ጠረገ። «ካፒቴን አግቤኮ ይጠጣሉ፣ አይጠጡም የሚለውን ለማንሣት ጊዜው አይደለም።»

ስለ መጠጥ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ግን ሬዲዮው ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዲት ኬንኬ ሻጭ፣ ካፒቴኑን በዓይኗ አይታቸው የማታውቅ፣ ሲንገዳገዱ አይቻለሁ ብላ ማለች።

ካፒቴኑ ደወሉ። «ኤቦ፣ ምን ነካህ? እኔን? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌውን? ቢራ ቀምሼ የማላውቀውን?»

«ካፒቴን፣ ደንቡን ያውቁታል። ዛሬ የሚናገረው አንድ አፍ ነው።»

«እሺ» አሉ ካፒቴኑ። «እኔ አልናገርም።» ስልኩንም ዘጉት።

ኤቦ በረጅሙ ተነፈሰ።

ማታ በቴሌቪዥን የታየው ስም የሌለው ሰማያዊ መርከብ ነበር። ማዳም ናዴይ ከደስታቸው ብዛት ጋዜጠኞቹን ቢሮአቸው ድረስ ጠርተው ዓሣ ጋበዙ። ኤቦን በሁሉም ፊት አቀፉት።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር! ያ ሰካራም ነገ ይሰናበታል። አንተን ግን ምክትሌ አደርግሃለሁ።»

ኤቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነፍሱ መለስ አለችለት፤ መንትዮቹ ትዝ አሉት።

በዚህ መሐል ካፒቴን አግቤኮ ነጭ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። አንድ መካኒክ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ተከትሏቸዋል።

«ማዳም፣ እንዳልናገር ታዝዣለሁ» አሉ። «መርከቡን ከምመራበት ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አለ። እሱ ደንቡን አያውቅም። የዛሬውን ጠዋት ይዤ መጥቻለሁ።»

ኤቦ የመርከብ ደረጃ ረግጦ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ገና አሁን መስማቱ ነው። ወደ ማዳም ጠጋ አለ።

«ማዳም፣ እንግዶች ተቀምጠው... ነገ ብናደርገውስ?»

«ለምን ነገ? የምንደብቀው የለም ስትል አልዋልክም እንዴ? አንተ መካኒክ፣ ክፈተው! ስካሩን ሁሉም ይስማልኝ!»

መካኒኩ ከፈተው። መጀመሪያ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ካፒቴኑ ቀስ ብለው መዝሙር ሲዘምሩ። ከዚያ ስልክ ጮኸ። ካፒቴኑ ስፒከሩን ከፍተው አነሡት፤ ከዚያ የሁሉም ጆሮ የሚያውቀው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ካፒቴን፣ ኤቦ ነኝ! ከፎቶ አንሺው ጋር ባሕሩ ዳር ቆመናል፤ ግድ የለዎትም፣ ትንሽ ብቻ ጠጋ ይበሉልኝ፤ የማዳም ስም አልጎላልኝም!»