ባልቴቷ ዳገት ላይ

ሰልጣኟ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ለቀቀችና ባልቴቷ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች ከመነሻው መስመር ወጣች። ፈታኙ ከጎኗ ተቀምጧል። ጋሽ ቀስበል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የጭሱን ውፍረት በዓይኑ ይለካል።

ስሙን ያወጡለት ሰልጣኞቹ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ "ቀስ በል! ቀስ በይ!" ከማለት አልቦዘነም። ባልቴቷ የሚላት ደግሞ መኪናውን ነው። እሱ እጅ ከመግባቷ በፊት ሦስት ባለቤት ቀብራለች፤ አሁን በስተርጅና ዘይት መብላት ጀምራለች። የፒስተኖቿ ፋሻ የሚባለው ቀለበት ስላለቀ የሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ጠዋት ጠዋት ኮፈኗን ከፍቶ፣ መለኪያውን ጠርጎ፣ የጎደለውን ሳይሞላላት ከቤት አትወጣም።

ዛሬም ሞልቶላት ነበር። ግን ቀደም ብለው ሁለት ሰዎች ተፈትነውባታል፤ ሁለቱም ሞተሩን ሲያስጮሁት ነው ያረፈዱት። መልሶ መሙላት ነበረበት። ዘይቱም ከኋላ ወንበር ሥር ነበር። ዳሩ ግን ፈታኙ እያየ ኮፈን ከፍቶ ዘይት መቅዳት "መኪናዬ ታማለች" ብሎ በራስ ላይ መመስከር ነው፤ የታመመች መኪና ደግሞ ለፈተና አትቀርብም።

አሁን መሪ ለያዘችው ሴትዮ ይህ አራተኛ ፈተናዋ ነው። አንድ የሕፃናት ማቆያ የሹፌርነት ሥራ የያዘላት እስከ ሰኞ ብቻ ነው፤ ዛሬ ካመለጣት ሌላ ቀጠሮ የምታገኘው ከወር በኋላ ነው። ሦስት ልጆች ለብቻዋ ነው የምታሳድገው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል ጋሽ ቀስበል ጠጋ አለና፣ "ቀይዋ የዘይት መብራት ከበራች እንዳትደነግጪ። ልማዷ ነው፣ ዝም ብለሽ ንጂ" አላት።

ቀና ብላ አየችው። ሦስት ወር ሙሉ ሲነግራት የከረመው ሌላ ነበር።

አሁን ኩርባዎቹን ጨርሳለች። ወደ ኋላ ነድታም በምሰሶዎቹ መሃል አቁማለች፤ አንዱንም አልነካችም። የቀራት ዳገቱ ነው፤ መሃሉ ላይ ቆሞ፣ ሳይንሸራተቱ መነሳት። ጋሽ ቀስበል የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ ያዘ። ዳገት ላይ ያቺ የተረፈችው ዘይት ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ተጣብቆ ለመቅረት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ያ ሞተር እንጀራው ነው። "አይዞሽ የኔ እናት፣ ሁለት ደቂቃ ናት" አለ፤ ሴትዮዋን ይሁን መኪናዋን እሱም አልለየውም።

ባልቴቷ ዳገቱ መሃል ቆመች። ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ጭሷ ወፈረ። ከዚያ ጸጥ አለች።

ጋሽ ቀስበል ሞተሩ ተጣበቀ ብሎ ደመደመ። የአጥሩን በር በርግዶ ሮጠ። ሲደርስ ፈታኙ ከመኪናው ወርዶ፣ የፈተናውን ቅጽ ይዞ ቆሟል። ሴትዮዋ እጆቿን ከመሪው ላይ አላነሳችም።

"ለምንድን ነው ያጠፋሽው?" አላት ፈታኙ።

"ቀይ መብራት በራ። የዘይቱ። ብልጭ ብሎ ይጠፋል ብዬ ነበር፣ በርቶ ቀረ።"

"ፈተና ላይ መሆንሽን ረስተሽው ነው?"

"ኧረ አልረሳሁም!" አለች። "የሰው ልጆች ጭኜ ቢሆንስ ብዬ ነው።"

ፈታኙ እስክሪብቶውን አወጣ። "ተፈታኙ ሁሉ መብራቷን አይቶ እንዳላየ ያልፋታል፤ እኔም እጥለዋለሁ። አንቺ ዳገቱ ቢቀርሽም አልፈሻል" አላት። ወደ ጋሽ ቀስበል ዞረ። "መኪናዋ ግን ሞተሯ ሳይጠገን እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳትል፣ አባቴ።" ደግሞ ወደ እሷ ተመለሰ። "ለመሆኑ ስለ መብራቷ ማነው የነገረሽ?"

"እሳቸው ናቸው። ከበራች አትከራከሪያት፣ ቁሚ ይሉኛል" አለች፣ ጋሽ ቀስበልን ሳታየው።

ውሸት አልነበረም። ፈታኙም ፈገግ ብሎ፣ "እንዲህ ነው እንጂ ማስተማር!" አለና እጁን ዘረጋለት።

ጋሽ ቀስበል የተዘረጋውን እጅ አየ። መጨበጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሌላ ነገር ከተናገረ የአሰልጣኝነት ፈቃዱን ሊነጥቁት እንደሚችሉም አላጣውም። ግን ሀፍረቱ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ ወረረው።

"ያ እስከ ትናንት ነው" አለ። "ዛሬ ጠዋት፣ ብትበራም ዝም ብለሽ ንጂ ብያታለሁ።"

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ፈታኙ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበና ቅጹን ገለጠ። ከላይ እስከ ታች አየው፣ ገልብጦም አየው፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት መስመር አልነበረውም።