የመጨረሻዋ ደም ሰጪ

በዚያ ቆላ እንደ እማማ ፈንታነሽ ጤንነቱ በየማለዳው የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። በልጅነታቸው ለካላዛር በሽታ ጥናት ደም ከሰጡት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሕጉ ደግሞ ደም የሰጡት ሁሉ ሞተው እስኪያልቁ ጥናቱ ለሐኪም እንኳ አይከፈትም ይላል፤ ምስጢራቸው እንዲጠበቅ ነው አሉ። ሕፃናትን የሚያድነው የመድኃኒት አሰጣጥ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

እማማ ከተማ ድረስ ሄደው፣ «የራሴ ደም አይደለም ወይ? ክፈቱት!» ብለው ጮኸዋል። «በሕይወት ያለ ሰው መፍቀድ አይችልም» ብለው መለሷቸው።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታቸው ማስተዋል መጣች። ልጇ ሶልያና በዚሁ በሽታ ከታመመች ከርማለች፤ ሆዷ አብጦ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት።

«ግቢ አንቺ! ዛሬም ደህና ነኝ፣ ምን ላድርግ» አሉ እማማ።

«ኧረ እንዲህ አይበሉ።»

«በይ ይቺን ወተት አጠጫት፤ አሁን የታለበች ናት።»

ማስተዋል ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች።

እማማ ደነገጡ። የጥናቱ ነገር ከተሰማ ወዲህ ውሃም ሰጡ እህል፣ ይህን ምርቃት አፉን ሞልቶ የመረቃቸው ሰው የለም። የታመመ ልጅ ያላት እናትማ ጭራሽ። የማስተዋልን ፊት ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ጣሳውን ከእጇ ወስደው መሬት አስቀመጡት።

«መቼ ነው?» አሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየለበሱ።

«ሊነጋጋ ሲል» አለች ማስተዋል። «እንግዲህ ይኑሩ፣ እማማ።»