ሐዲዱ ላይ

መኪና ከቆመበት እንዳይፈተለክ በሚል ዐዋጅ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ከግል መኪኖች ከተነቀሉ ወዲህ፣ ትርሲት የባቡር ሐዲዱን ሳትቆም መሻገር ለምዳ ነበር። ዛሬ ግን ከፊቷ ይሄድ የነበረ የአህያ ጋሪ ድንገት ቀጥ አለ፤ እሷም ሐዲዱ መካከል ቆመች።

ጋሪው ወዲያው መንገዱን ቢለቅም መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። ሞተሩ የድሮው ነው፤ ጉልበቱን አብዝቶ ለጎማ የሚያቀብለው ዝቅተኛ ማርሽ ግን የለም። ሦስተኛው ለሚሮጥ እንጂ ቆሞ ለሚነሣ አይሆንም። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ስትለቅ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ስንዝር በስንዝር ተሳበች። ባቡሩ ጮኸ፤ ቀርቧል።

ትርሲት በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየች። የስምንት ዓመቷ ሕሊና ጫማዋን አውልቃ፣ ሕፃን ወንድሟን በአንቀልባ አዝላ፣ የበሩን እጀታ ጨብጣለች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም።

«እማዬ፣ ልዝለል? አንቺስ?»

«ዝለ...» ብላ ሳትጨርስ የኋላው ጎማ ሐዲዱን ተሻገረ። ባቡሩ ከጀርባቸው እየነጎደ አለፈ።

ልጆቿን ልታቅፍ ብትጓጓም ዳግም መቆምን ፈራች።

«አለፈ፣ የኔ እናት። በይ ወንድምሽን አውርጂው።»

ሕሊና አንቀልባውን ይበልጥ አጠበቀች።

«ስንመለስም በዚሁ ነው አይደል?»