ያማረ ስፌት

ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም በየማለዳው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ሆዱን ቀደው የሰፉለትን በሽተኛ አንሶላ ይገልጡና ስፌታቸውን ያደንቃሉ። ፊቱን አይተውት አያውቁም።

"ዶክተር፣ ሰውየው በጣም ከሳ። በቱቦ አጥሚት እንጀምርለት?" አለቻቸው ነርሷ ሲስተር የሺመቤት።

"ሆድ የሚድነው ሥራ ሲፈታ ነው፤ ቁስሉ ይጥገግ" ብለው ሳቁባት።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በአሥራ አንደኛው ቀን ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። አንሶላውን ገለጡ።

"እዩልኝ፤ ቁስሉ ደርቋል፤ ሰውነቱም ሞላ ብሏል። ስፌት ማለት ይህ ነው።"

ተማሪዎቹ ጻፉ።

"ዶክተር፣" አለች ሲስተር የሺመቤት ቀስ ብላ፣ "የእርስዎ ታካሚ ትናንት ሞቷል። እኚህ አልጋው ላይ የተተኩት የዶክተር ምንተስኖት ታካሚ ናቸው፤ ከተሰፉ ማግስት ጀምሮ በቱቦ እየተመገቡ ነው።"

ሐኪሙ አንሶላውን መልሰው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

"ይህቺን አትጻፏት።"