ሱቁን ማን ዘጋው?

አብደልሐቅ በሩ ላይ የተጋደመውን መጥረጊያ አነሳና ግድግዳ አስደግፎ፣ የማያውቀውን ሰው ሱቅ ዘጋ። ሁለቱን የእንጨት መዝጊያዎች ግጥም አድርጎ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

«ኧረ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው ሚስቱ ቱሪያ።

«ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የገንዘብ መሳቢያው ሳይቀር ለመንገደኛ ወለል ብሎ! ሰውየው ጤነኛ አይደለም።»

«ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄዶ ነዋ። መጥረጊያው ከተጋደመ ‹መጣሁ› ማለት ነው። ልጆች ሳለን እኛስ ሰፈር እንዲሁ አልነበር?»

«ልጆች ሳለን ስንት ነገር ነበር። እስኪመጣ እጠብቅለታለሁ።»

ቱሪያን መሳቅም ማልቀስም አማራት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው መቼም። ባለፈው ዓመት ካዛብላንካ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ሰይፍ ይዘው የጨርቅ ሱቁ ገቡበት፤ ዕቃውንም ወሰዱ፣ ትከሻውንም ተለተሉት። ቁስሉ ዳነ። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ከደጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲጋራ ለመግዛት እንኳ ክንዷን ጨብጦ ነው። ዕድሜውን በገበያ መሐል የኖረ፣ በምላሱ ሰው የሚያስቅ ነጋዴ ከቤት ዋለ።

ስለዚህ ቱሪያ አገር መፈለግ ጀመረች። የታክሲ ሾፌሩንም፣ ሐማም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገላዋን የምታሻትን ሴትም፣ ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ሴት በምሽት ብቻዋን የምትሄድበት፣ ሰው በሩን ሳይቆልፍ የሚያድርበት ከተማ ታውቃላችሁ? እህቷማ «ሌባ የሌለበት አገር መቃብር ብቻ ነው» እያለች ትቀልድባት ነበር። በመጨረሻ አይን ዜቱን የምትባል፣ ተራራ ሥር የተወሸቀች ከተማ ተነገራት። የሚከራይ ቤት አለ፤ ቁልፉ ሐጅ ምፈደል ከሚባሉ ባለሱቅ ዘንድ ነው። አብደልሐቅ «አይቼ እመለሳለሁ፣ ሌላ ነገር እንዳትጠብቂ» ብሎ መጣ። እዚህም ካልሆነለት ሌላ ከተማ የምትፈልግበት ጉልበት የላትም፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ይኸው ገና ቁልፉን ሳይቀበሉ ባሏ በሐጅ ሱቅ ደጅ ዘብ ቆሟል።

አንዲት አሮጊት ወደ ሰፈሩ መጋገሪያ ቤት ሊወስዱት ያልተጋገረ ዳቦ የተደረደረበት ጣውላ ተሸክመው ብቅ አሉ። የተዘጋውን በር ሲያዩ ክው ብለው ቀሩ። ከዚያ በሩን የተደገፈውን፣ ፊቱ የጠቆረውን እንግዳ አዩ።

«መቼ?» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ።

«አሁን ነው፤ ከመምጣትዎ በፊት» አለ አብደልሐቅ፣ በሩን መቼ እንደዘጋ የተጠየቀ መስሎት።

«ኢና ሊላሂ! ጠዋት እኮ ሻይ ቅጠል ሸጦልኛል!» ጣውላውን መሬት አስቀምጠው ጭናቸውን መቱ። «ኧረ ሰዎች! ኧረ ሐጅ ምፈደል!»

ከፊት ለፊት ሥጋ ሻጩ እጁን እየጠረገ፣ ከጎን ልብስ ሰፊው ክሩን እያንጠለጠለ ወጡ። ሥጋ ሻጩ ግዙፍ ሰው ነው፤ አንድም ቃል ሳይጠይቅ አብደልሐቅን እቅፍ አደረገው።

«አሏህ ያጽናህ ወንድሜ። የካዛብላንካው ዘመዱ ነህ አይደል?»

«ኧረ እኔ...» አለ አብደልሐቅ፤ ቀሪው በሰውየው ደረት ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ሰው ሲነካው የሚበረግገው ባሏ በማያውቀው ክንድ ውስጥ ሆኖ ሲቆም ቱሪያ አየች። ልብስ ሰፊው ደግሞ የራሱን ሱቅ ሊዘጋ ተመለሰ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች ቱሪያ ተከትላው።

«እህቴ፣ እኛ ዘንድ በቀን ሱቅ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።»

ቱሪያ ነገሩ ሲገባት አፏን ያዘች። ልትናገር ስትል ሐጅ ምፈደል ራሳቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ከመስጊድ መጡ።

«ምን ይሆን? ማነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ!» አሉ አሮጊቷ።

ሐጅ ቆም ብለው አሰቡበት። «እንኳን ለቀብሬ ደረስኩ» አሉ። «ግን ሱቁን ማን ዘጋው?»

ሁሉም አብደልሐቅን አዩት።

«እኔ ነኝ ሐጅ። እንዳይሰርቁዎት ብዬ ነው።»

«ማን?»

ለማሽሟጠጥ አልነበረም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት። አብደልሐቅ አፉን ከፈተ። ሥጋ ሻጩን አየ፣ ልብስ ሰፊውን አየ፣ እንባቸውን በጀላባቸው እጅጌ የሚጠርጉትን አሮጊት አየ። የሚጠራው ስም አጣ።

«የካዛ ሰው ነዋ!» አለ ሥጋ ሻጩ። «የካዛ ሰው እኮ ጥላውን ሳይቆልፍ አይተኛም!»

ቀድሞ የሳቀው ራሱ አብደልሐቅ ነው። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ። ቱሪያ ይህን ሳቅ ከሰማች ቆይታለች፤ የሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አብራው ሳቀች።

«ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?» አሉ አሮጊቷ። «ሊጤም በፀሐይ ደረቀ። አንተ ነህ ያዘገየኸኝ፣ ና ተሸከም! መጋገሪያ ቤቱ ታች ነው። ‹የእማማ መናና ነው› በላቸው።»

ቱሪያ ቤቱን ሊከራዩ እንደመጡ ስትነግራቸው፣ ሐጅ የሱቁን በር ከፍተው የቤቱን ቁልፍ ከሚስማሩ አወረዱና ስለ ቤቱ ያወሩላት ጀመር፤ ስለ ጣሪያው፣ ግቢው ውስጥ ስላለችው የበለስ ዛፍ። ቱሪያ «እሺ ሐጅ፣ እሺ» እያለች ዘወር ስትል ባሏ የለም። ተነስታ ወደ መንገዱ ወጣች።

ጣውላውን በሁለት እጁ አቅፎ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው፤ ብቻውን። ልትጠራው አፏን ከፈተችና ተወችው። መታጠፊያው ላይ ተሰወረባት። ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ የማያውቀውን ሰው አስቁሞ፣ «ወንድሜ፣ መጋገሪያ ቤቱ በየት ነው?» ይላል።