አሜን ያጠፋው ምርቃት

ልጆቼ፣ ባለቤቴ ደምሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምርቃት ያውቅበት ነበር። ልጃችንን ሲድር የመረቀበትን ቪዲዮ ስንቱ አየው! እሱ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር፣ ተመልካቹ የጻፈው "አሜን" ምስሉ ላይ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄ ልዕልና ልትዳር ሆነና ጉልበቴን ስማ፣ "እማማ፣ አባባም ይመርቀኝ እንጂ" አለችኝ። ቪዲዮውን ከፈተችው። ደምሰው ብድግ አለ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ አስነጠሰ። በቃ፣ አለቀ።

"የቀረውስ?"

ልዕልና ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። "ቪዲዮውን የጫንበት ድርጅት ማሽን ቆርጦታል፣ እማማ። አሁን እኮ ሰው አስተያየት ያልሰጠበትን ቦታ አያስቀምጡም።"

"ያ ሁሉ አሜንስ?"

"አንድ ቃል ሲደጋገም እንደ ቆሻሻ ነው የሚቆጥረው። ሲያስነጥስ ግን ሁሉም በየራሱ ቀልዶበታል፤ እሱን አስቀረው።"

"መልሱልን ብንላቸውስ?"

"ከጠፋ ጠፋ ነው፣ እማማ።"

ቬሎዋን ሰብስባ ስልኩ ፊት ተንበረከከች። ደግማ ከፈተችው። ደምሰው አስነጠሰ።

"ይማርህ" አልነው ሁላችንም።

ያን ቀን "ያኑራችሁ" ብሎን ነበር። ያቺንም ቃል ቆርጠዋታል።