ጤነኛው እግር

ከማህፀን ውጭ የተፈጠረው ፅንስ በቀዶ ጥገና ከወጣላት በኋላ የምንታምር ግራ እግር አበጠ። ሐኪሙ መረመራትና፣ «ደም ረግቶብሻል። ያዘዝኩልሽን የደም ማቅጠኛ መርፌ ሳታቋርጪ ተወጊ፤ እግሩን ግን ማንም እንዳያሸው። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባሽ ሊገባ ይችላል» አላት።

እቤት ስትገባ አማቷ እትዬ ትርንጎ ቅቤ አቅልጠው ጠበቋት። እሳቸውን እምቢ ብሎ የተረፈ ሰው በሰፈሩ የለም።

«በይ የታመመውን እግርሽን አምጪው!»

ምንታምር ግራውን ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደደበቀች ቀኙን ዘረጋችላቸው።

አማቷ በየማለዳው ጤነኛውን እግር እያሹ «አይዞሽ፣ እየጎደለልሽ ነው» ሲሏት ሳቋ እንዳያመልጣት ትራሷን ትነክሳለች።

እብጠቱ በመርፌው ሲጠፋ እትዬ ትርንጎ ለጎረቤት ሁሉ «በእጄ ዳነች» አሉ። ምንታምር አላስቻላትም።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሲያሹት የከረሙት ጤነኛውን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ሆስፒታል ልጠይቅሽ የመጣሁ ቀን ሐኪሙ በር ላይ አስቁሞ ለእኔም ነግሮኛል። ፅንሱ ከወጣ ወዲህ ግን ጥርስሽን አላየሁትም ነበር፤ ትራስሽን ስትነክሺ ሳይ ማሸቴን ቀጠልኩ። የታመመውን ብትሰጪኝ ኖሮ እኮ ጉዴ ፈልቶ ነበር!»